ሩጫዋን አሳምራ ዘንጉ ጋ የምትቆመው ተማሪ

ጥያቄውን መድረኩ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት አራት ሰው ቢመልስልኝ ብዬ ነበር፤ 44 መልስ መጣ። ከዚያ ውስጥ የተወሰነው ስለ ጫማ ነው (እደርስበታለሁ)። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ማንበብ ስለሚሰለቸው የተባለውን ቁጥሩን እየጠራሁ በራሴ አፍ ልተርከው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። ያናደደኝን ግን አልዘልም፣ ያሳፈረኝንም እንደዚያው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መነሻው እንዲህ ነው። የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለች አንዲት ልጅ አለች፤ ከፍታ ዝላይ ላይ መንደርደሯ ያምራል። እርምጃዋን አትስትም፣ ኩርባውን አስተካክላ ትገባለች፣ ከዚያ ዘንጉ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። አንዳንዴ ዘንጉን በእጇ ይዛ ትስቃለች። አንዳንዴ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ ትላለች፤ ጫማዋ ግን አልተፈታም። ከፍታው ከብዷት እንዳልል፣ ዘንጉ ሳይኖር ፍራሹ ላይ ስትዘል ከዚያ በላይ ትነሳለች። ክፍል ውስጥም ያው ናት። የአናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ትምህርት) ጥያቄ ስጠይቃት መልሱን እንደምታውቅ ፊቷ ላይ ይታያል፣ ግን አትናገርም። ሦስት ሳምንት መከርኳት፣ አበረታታኋት፣ ተቆጣኋት። እና ሰውነቷ የሚችለውን አእምሮዋ ሲከለክላት አስተማሪ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኩ። መጨረሻው ላይ ደግሞ አሁን ሳየው የሚያስጠላኝን ነገር ጨምሬ ነበር፤ ትንሽ ስንፍናም ሳይኖርባት አይቀርም ብያለሁ።

1ኛው መልስ በጣም ጨዋ ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ፣ ችግሩ በራስ መተማመን ማጣት ስለሆነ በየቀኑ እንደምትችል ልንገራት አለ። 2ኛው ተስማማ፣ ልብ ጨመረበት።

3ኛው ረጅም ነው፤ ብዙ ላይክ ያገኘውም እሱ ነው። ስለ ውጥረት የታወቀ ሕግ እንዳለ አስረዳ፤ ውጥረት ሲያንስ ሰው ይፈዛል፣ ሲበዛ ይርበተበታል፣ መሃሉ ጥሩ ነው። ይህም በአትሌቶች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ስለሆነ ልጅቷ የፈዘዘችው ጫናው ስላነሰባት ነው ብሎ ደመደመ። ሁሉም እያያት ነጥብ ልስጣት፣ ትነቃለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ላይክ አደረግኩት። ደስ ያለኝ ደግሞ እስካሁን የማደርገውን ስለደገፈልኝ ነው።

4ኛዋ ከፍታ ዝላይ ተወዳዳሪ የነበረች ሴት ናት። እሷ አእምሮ የሚለውን ወሬ ወደ ጎን ትታ ቀጥታ ወደ ፍራሹ ሄደች። በጀርባ መዝለል ማለት ሰው ወደማያየው ቦታ ራሱን መወርወር ነው፤ የሚፈራ ሰው ጤነኛ ነው አለች። ይህን አዘላለል ዓለም ያወቀው ዲክ ፎስበሪ 1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ 2.24 ሜትር ዘሎ ወርቅ ሲወስድ ነው። እሱ ራሱ ግን ትምህርት ቤት እያለ በዘመኑ ሁሉም የሚዘልበት ስልት እምቢ ብሎት ወደ ቀላሉ የመቀስ ዝላይ (አንድ እግር አስቀድሞ ሌላውን አስከትሎ ዘንጉን ማለፍ) ተመልሶ ነበር፤ ከዚያ ጀርባውን ቀስ በቀስ እያስተኛ ነው እዚያ የደረሰው። እና ጠየቀችኝ፤ ልጅቷ በመቀስ ዝላይ አልፋለች ወይስ መጀመሪያውኑ በጀርባ ነው ያስጀመርካት? ዘንጉንስ ለምን አውርደህ የሚለጠጥ ላስቲክ አትወጥርም? ዘንግ ሲነኩት ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ ጀርባ ስር ሲገባም ያማል። ላስቲክ ዝም ብሎ ይለጠጣል። እኔ ሁለቱንም አላደረግኩም ነበር። ለዓመታት አስተምሬ ላስቲክ አለማሰቤ ገርሞኛል።

5ኛው ዕድሜያቸው የገፋ አሰልጣኝ ናቸው፤ አንቱ ማለት የሚወዱ ይመስለኛል፣ ስለዚህ አንቱ ልበላቸው። የአሁን ልጆች ተሞላቀዋል ነው ነገሩ። በሳቸው ጊዜ ፈራሁ የሚል ሰው አልነበረም፤ ዋና የሚማረውም ውሃ ውስጥ ተወርውሮ ነው። ፍርሃት የሚለቀው በሥራ እንጂ በወሬ አይደለም፣ አስተማሪው ከለሰለሰ ተማሪው አይበረታም። አጭርና ደረቅ መልስ ነው፤ ግን ስምንት ሰው ደግፏቸዋል።

6ኛዋ አልማረቻቸውም። ልጅ ሳለች ዋና ላስተምርሽ ብሎ ውሃ ውስጥ የወረወራት ሰው ነበር። እስከዛሬ ውሃ ፊቷን ሲነካት ትንፋሿ እንደሚቆራረጥ ጻፈች። ያን ቀን የተማረችው ዋና ሳይሆን ያ ሰው ካለበት መራቅን ነው። ተወርውረው ዋና የቻሉት ዛሬ ይተርካሉ፣ ያልቻሉት ግን ገንዳው አጠገብ ስለማይገኙ ማንም አይቆጥራቸውም ብላ ጨረሰች። አዛውንቱ ወዲያው አልመለሱም።

7ኛው ወደ 3 ተመልሶ አረመው፤ በትህትና ግን ሳይምር። ያ ሕግ የተባለው የርክስና ዶድሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች የ1908 ሥራ ነው። የተሠራውም በአይጥ ላይ ነው እንጂ በአትሌት ላይ አይደለም። አይጦቹ ነጭና ጥቁር ሳጥን መለየት ይማራሉ፤ ሲሳሳቱ በኤሌክትሪክ ይነዘራሉ። ልዩነቱ በቀላሉ ሲታይ ጠንከር ያለ ንዝረት ትምህርቱን አፋጠነ። ልዩነቱ ለመለየት አስቸጋሪ ሲሆን ግን ከልክ ያለፈው ንዝረት አዘገያቸው። ስለዚህ ከዚያ ጥናት አንድ ነገር ከተወሰደ 3 ካለው ተቃራኒው ነው የሚወሰደው፤ ነገሩ አዲስና ከባድ ሲሆን ጫናው ይቀንስ። የለመዱትን ነገር ሲሠሩ ትንሽ ጫና ላይጎዳ ይችላል። ለዚች ልጅ ግን የጀርባ ዝላይ ገና አዲስ ነው።

8ኛው ራሱ የ3 ባለቤት ነው። አይጥም ይሁን ሰው ሐሳቡ ያው ነው ብሎ ትንሽ አኮረፈ። 9ኛው አይጥ ሲያፍር ስቆ ጫማውን አያስርም ብሎ ቀለደ። ሳቄን ለቀቅኩት። ቆይቼ ሳስበው ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ ጫማ መጣ። 10ኛው ጫማዋን ለማሰር መጎንበሷን ይዞ ምናልባት ጫማው ሰፍቷት እንደሆነ ጠየቀ። 11 የከፍታ ዝላይ ጫማ ተረከዙም ላይ ሹል እንዳለው አስታወሰ። 12 ሹል ጫማ ለጀማሪ አያስፈልግም አለ፣ 13 ያስፈልጋል አለ፣ 14 ሁለቱም ስለ ጫማ እንደማያውቁ ነገራቸው። 15 እና 16 ስለ ገመድ ዓይነት ነበሩ። እዚህ ላይ አልቆይም። 17ኛው አወያዩ ነው፤ ጫማ ማውራት የፈለገ የራሱን ውይይት ይክፈት አለ።

18ኛው ባይጻፍ ኖሮ ይህን ሁሉ አልተርክም ነበር። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች አልተናገረችም፤ ብዙ ያስተማረች ሰው እንደሆነች ግን ያስታውቃል። ልጅቷ ጭንቅላት ውስጥ ምን እንዳለ መገመቴን ትቼ እኔ ሜዳ ላይ መሳት ስንት እንደሚያስከፍል እንዳሰላ ጠየቀችኝ። አንድ ተማሪ ሲስት ማን ያያል? ማን ይስቃል? ስልክ የሚያወጣ አለ? ነጥቡን ማን ይሰማል? ከሷ በኋላ ተራ የሚጠብቀው ስንት ሰው ነው፣ ሌሎቹስ የት ይቀመጣሉ? ቆሞ የሚቀር ተማሪ ብዙ ጊዜ ዘንጉን አይደለም የሚፈራው፤ ከዘንጉ በኋላ ያለውን ጸጥታ ነው። ሳይዘሉ መቅረት ደግሞ ዘሎ ከመውደቅ ይረክሳል፤ ያልዘለለ ሰው አልፈለገም እንጂ አልቻለም አይባልም። ሰነፍ መባልን ራሷ መርጣ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ከማትችል ሰነፍ መባል ይሻላታል።

በዚያ ሌሊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 19ኛው የኔ መልስ ነው፤ ሳልሸፋፍን ጻፍኩ። ተማሪዎቹ ከፍራሹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንድ በአንድ ይዘላሉ። ነጥቡን ጮክ ብዬ እናገራለሁ፣ ጸሐፊው እንዲሰማ። መጀመሪያ የሚያሳየው ሁሌም የክፍሉ ምርጥ ዘላይ ነው። 20ኛው እንግዲህ መልሱን አገኘኸው ብሎ ሄደ። ትንሽ አበሸቀኝ፣ ግን ምን እላለሁ።

21ኛው መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አልበርት ባንዱራ በ1977 ሰው እችላለሁ የሚለውን እምነት ከየት እንደሚያገኝ አራት ምንጭ እንደዘረዘረ ነገረን። አንዱ ራስ ሠርቶ ማየት ነው፤ ከሁሉም የሚበረታውም እሱ ነው። ሁለተኛው እኔን የመሰለ ሰው ሲችል ማየት። ሦስተኛው የሰው ምክርና ማበረታቻ፣ አራተኛው የገዛ ሰውነት የሚሰጠው ምልክት፣ የልብ ምት፣ የእጅ ላብ። ይህን ይዞ 1ኛውን በለሰለሰ ቋንቋ አረመው፤ ትችያለሽ ማለት መጥፎ አይደለም፣ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሳተች ቃሉ ሚዛን አይደፋም። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ወረወረ። የክፍሉን ምርጥ ዘላይ ማሳየቴ ሌሎቹን አያበረታም፤ እሱ እሱ ነው ብለው ያልፉታል። ባለፈው ሳምንት የማይችል የነበረ ልጅ ዛሬ ሲያልፍ ማየት ነው የሚጠቅማቸው። 22 ላይ የ1 ባለቤት ተመልሶ አመሰገነ። በዚህ መድረክ ላይ ታርሞ ያመሰገነ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

23ኛው የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። ፍጹም ቅጣት ምት የማይስት ልጅ ነበረው። አንድ ቀን ስለ ቁርጭምጭሚቱ አቀማመጥ ሲያስረዳው ዋለ፣ ከዚያ ወዲህ ልጁ ኳሱን ወደ ሰማይ ይሰዳል። ለማስረጃ ቤይሎክና ካር የሚባሉ ተመራማሪዎችን የ2001 ጥናት ጠራ። ጎልፍ ላይ ኳስ ወደ ጉድጓድ የማስገባት ሙከራ ነው፤ ነገሩ በደንብ የተለማመደ ሰው ጫና ሲበዛበት እንቅስቃሴውን አንድ በአንድ መቆጣጠር ይጀምራል፣ ያኔ ይበላሻል። ስለዚህ ልጅቷን ዝም ብላ ትዝለል፣ ምንም አትንገራት አለ።

24ኛዋ እዚህ ላይ አቆመችው። እሱ ለለመደ ሰው ነው፤ ጀማሪ ምንም ካልተነገረው ምን ይሠራል? ጥያቄው ምን ይነገራት ነው። ተመራማሪዋ ጋብሪየለ ቩልፍና ባልደረቦቿ በ1998 ያወጡትን አመጣች። ተማሪዎች የበረዶ መንሸራተትን በሚያስመስል ማሽን ላይ ሲለማመዱ፣ ገሚሶቹ እግራቸው ላይ እንዲያተኩሩ ተነገራቸው፣ ገሚሶቹ ከእግራቸው ስር ባሉት የማሽኑ ጎማዎች ላይ። የበለጠ የተማሩት ጎማውን ያሰቡት ናቸው። ትኩረት ከሰውነት ወጣ ሲል ሰውነት ሥራውን ያውቃል። ለከፍታ ዝላይም ወገብሽን አንሺ ከማለት ፍራሹ ጥግ ላይ ምልክት አድርጎ እዚያ ውደቂ ማለት ይቻላል። ደግሞ ዘንጉን እንዳትነኪ የሚለውን ቃል ከአፌ እንዳወጣው ለመነችኝ። እንዳትነኪ የተባለ ሰው ከዘንጉ ውጭ ምን ያያል?

25ኛው ቅርጫት ኳስ ሲጫወት ክርንህን የሚል አሰልጣኝ እንደነበረው ነገረን። ዛሬም ቅጣት ሊወረውር ሲቆም ክርኑን ያየዋል። ጨዋታ ካቆመ ቆይቷል፣ ለጨዋታ ያህል ከልጁ ጋር ሲወረውር ማለቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተቀየረ። 26ኛው ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ጂምናስቷን ሲሞን ባይልስን አነሳ። ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ውድድሩን አቋርጣ ጓደኞቿን ጥላ የወጣች ሰው አርዓያ የምትሆንበት ዘመን ላይ ደርሰናል፤ ተማሪ ቢያቅማማ ምን ይገርማል አለ። 27ኛዋ ጂምናስቲክ አስተማሪ ናት፤ መልሷ ይፋጃል። በሐምሌ 2021 የሆነው ጂምናስቶች የሚያውቁት ነገር ነው፤ አየር ላይ እየተሽከረከሩ ድንገት ላይና ታችን አለመለየት። በዚያ ሁኔታ ያለ ሰው በአንገቱ ሊያርፍ ይችላል፣ ሽባም ሊሆን ይችላል። እኔ ቁጭ ብዬ ስልክ ላይ ነው የምጽፈው፣ አንተም እንደዚያው፣ እሷ ግን አየር ላይ ነበረች አለችው። በዚያው ቶኪዮ ተመልሳ ሚዛን መጠበቂያው ላይ ነሐስ ወሰደች፣ 2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ ሦስት ወርቅና አንድ ብር። ጥላ ወጣች የሚባለው ይቺ ናት? 28ኛው ስድብ ቀላቀለበት። 29 ተሰርዟል። እኔ አይቼው ነበር፣ መሰረዙ ጥሩ ነው።

30ኛው ነገሩን አረጋጋው። ኳስ ተጫዋች የነበረ ልጅ ነው። የጉልበቱ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ጥገና አድርጓል። ሐኪሙ ጨርሰሃል ካለው በኋላ ዓመት ሙሉ በዚያ እግር ዞር ማለት አልቻለም። ጉልበቱ ደህና ነበር፣ እሱ ነው ያላመነው። ብቻውን እንዳልሆነ ያወቀው ቆይቶ ነው። በ2014 የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ፣ ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ ከ100 ሰው 65 ያህሉ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው እንደሚመለሱ፣ ወደ ውድድር የሚመለሱት ግን 55 ያህል እንደሆኑ ያሳያል። የቀሩት ብዙ ጊዜ ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ዳግም የመጎዳት ፍርሃት ነው። እሱን ያዳነው ምክር አልነበረም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሚፈራቸውን እንቅስቃሴዎች ከትንሹ እስከ ትልቁ ራሱ እንዲጽፍ አደረገችው፤ ከዚያ ከታች ጀምረው አንድ አንድ ሠረዙ። አንዱ ላይ ሦስት ሳምንት ቆዩ፣ ማንም አልቸኮለም። 31ኛው አጭር ጥያቄ ነው፤ ልጅቷ ከዚህ በፊት ተጎድታ ታውቃለች ወይ? አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት አስተምሬያታለሁ።

32ኛው የረሳነውን የክፍሉን ነገር አነሳ፤ ለኔ ከሜዳው እኩል ነው። የስፖርት ተማሪ ጭንቅላቱ እግሩ ላይ ነው የሚል ቀልድ ተሸክሞ ክፍል ይገባል አለ። ሰው ሲቀልድበት አብሮ ይስቃል፣ ውሎ አድሮ ያምነዋል። እሱ ራሱ ጮክ ብሎ ማንበብ ስለሚከብደው ተራው ሲደርስ ቀልድ ፈጥሮ ከክፍል ይባረር ነበር፤ መባረሩ ይሻለዋል። ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚያከብድ ችግር) እንዳለበት የታወቀው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ነው። ቀዛፊው ስቲቭ ሬድግሬቭም ዲስሌክሲያ እንዳለበት፣ ከ1984 እስከ 2000 በአምስት ተከታታይ ኦሎምፒክ ወርቅ እንደወሰደ ጨመረበት። 33ኛዋ አናቶሚን እንዴት እንደምታስተምር ነገረችን። የጡንቻውን ስም ሰሌዳ ላይ አትጽፍም። ተማሪው እጁን ባቱ ላይ አድርጎ በጣቶቹ ይቆማል፣ የሚጠነክረውን ይዳስሳል፣ ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣል። መልስም በአፍ አትቀበልም፣ ሁሉም በአንዴ ወረቀት ላይ ጽፎ ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ብቻውን የሚሳሳት የለም። 34ኛው ይህ ሁሉ ጥሩ ሆኖ በኢንተርኔት ዲስሌክሲያ እንዳንመረምር አስጠነቀቀ። ልክ ነው።

35 ስለ ትንፋሽ ነው። ከመንደርደር በፊት ወደ ውስጥ አጠር፣ ወደ ውጭ ረዘም አድርጎ መተንፈስ የልብ ምትን እንደሚያበርድ፣ አራት አምስት ጊዜ እንደሚበቃ ጻፈ። 36ኛዋ ተቆጣች። የሚስቅ ክፍል ውስጥ ተማሪን ብቻዋን ተንፍሺ ማለት ቤቱ እየተቃጠለ መስኮት መክፈት ነው አለች። 37ኛው ሁለቱም ይደረግ ብሎ አስታረቀ። እኔ ለ36 አደላለሁ፣ ግን ትንፋሹንም አልጣልኩትም።

38ኛው አራት መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። ፍርሃቱ የዘንግ ወይም የተመልካች ሳይሆን የሰው ሊሆን እንደሚችል አስባችኋል ወይ ነው ጥያቄው። ስትዘል ጀርባዋን የሚደግፍ ማነው? እጁ የት ነው? ፈቃዷን ይጠይቃል? የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2016 ስፖርት ውስጥ ስላለ ትንኮሳና ጥቃት መግለጫ ያወጣው ነገሩ ብርቅ ስላልሆነ ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ከነገረችህ ራስህ መርማሪ አትሁን፣ ለማንም አልናገርም ብለህ ቃል አትግባ፣ ስማት፣ ከዚያ ለሚመለከተው አድርስ። እንቅልፍ ያጣች፣ መብላት ያቆመች፣ መኖር አስጠላኝ የምትል ከሆነ ደግሞ ይህ የአስተማሪ ሥራ አይደለም፤ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ ትሂድ። ደግሜ አነበብኩት። የምንደግፋት እኔና ረዳቴ ነን። ፈቃድ ጠይቀን አናውቅም።

39ኛው ዝምታውን በቀነኒሳ በቀለ ሰበረ። በጥር 2005 እጮኛው አብራው ስትለማመድ ወድቃ ሞተች። በዚያው ወር መጨረሻ ቦስተን ላይ በቤት ውስጥ 3000 ሜትር ሲሮጥ ዙር ተሳስቶ የመጨረሻው ዙር መስሎት ፈጠነ፤ ገና አንድ ዙር ቀርቶት ነበር። ተሸነፈ። እሱን የሚያህል ሯጭ ሐዘን ዙር ካስረሳው፣ አባቷ የታመመባት ወይም ቤቷ የተናጋባት ተማሪ የነገርናትን ብትረሳ ምን ይደንቃል? 40ኛው ታሪኩን እንዳናበላሸው ፈራ። ቀነኒሳ በመጋቢት በዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም አሸንፏል፤ ያን ይዞ አንተስ ምን ሆንክ የሚል አስተማሪ አይጠፋም። እሱን የመሰለ በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚገኘው፣ ተማሪን በሱ አንለካም አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው መሰለኝ።

41ኛው የኔ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ጻፍኩት። ልጅቷን ቢሮ አልጠራኋትም። ፍራሽ ስንሸከም ከኔ ጋር ነበረች፣ እየተራመድን ጠየቅኳት። መጀመሪያ ምንም አላለችም። ፍራሹን ስናስቀምጥ ነው የነገረችኝ። አንደኛ ዓመት እያለች፣ በመጀመሪያው የዝላይ ቀን፣ ከዘንጉ ጋር ወድቃለች። እኔ እንዲህ አይዘለልም ብዬ የወደቀችበትን አኳኋን ለክፍሉ ደግሜ አሳየሁ። ሁሉም ሳቀ። አንዱ ቀርጾት ነበር፣ ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ያን ቀን እኔ አላስታውሰውም። ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ፣ የለም። በየዓመቱ የማደርገው ስለሆነ ይሆናል። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ምንም አይደለም አለችኝ፣ እንደሚባለው።

የቀየርኩት ይሄ ነው። ክፍሉን አራት ቦታ ከፈልኩት፣ አንዱ ሲዘል ሌላው ሥራ ላይ ነው፣ ተቀምጦ የሚያይ የለም። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል። ነጥብ ወረቀት ላይ ብቻ። ላስቲክ ወጠርኩ፣ ሁሉም ከመቀስ ዝላይ ጀመረ፣ ከፍታውን እያንዳንዱ ራሱ ይመርጣል። ከመደገፋችን በፊት እንጠይቃለን፤ አይሆንም ያሉ ሁለት አሉ፣ እሺ ብለናል። ልጅቷ ላስቲኩን በሁለተኛው ቀን በጀርባዋ አለፈችው። እውነተኛው ዘንግ ሲመለስ ከአምስት ሁለቴ አሁንም ትቆማለች። አናቶሚ ላይ ወረቀቷን ከፍ ታደርጋለች፣ በአፏ ግን ገና ናት። ሰነፍ ያልኩትን ከመነሻው ጽሑፍ ላላጠፋው ወሰንኩ፣ ከስሩ ግን ስህተቱ የኔ እንደሆነ ጽፌበታለሁ።

42ኛው አዛውንቱ አሰልጣኝ ናቸው፣ የ5 ባለቤት። ስለ ውሃውም ስለ መሞላቀቁም ምንም አላነሱም። ላስቲኩ ስፋቱ ስንት እንደሆነና ምሰሶው ላይ በምን እንዳሰርኩት ጠየቁ። 43 ላይ መለስኩላቸው፤ ለሱሪ ወገብ የሚሆነው ጠፍጣፋ ላስቲክ ይበቃል፣ ጫፍና ጫፉን በቋጠሮ ብቻ፣ ሰው ቢወድቅበት እንዲፈታ በጣም አይጥበቅ፣ እንዲታይ ደግሞ መሃሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠል።

44ኛው የጫማው ሰውዬ ነው። ልጅቷ በመጨረሻ ምን ዓይነት ጫማ አድርጋ እንደዘለለች አልነገርከንም ይላል።